ለግድግዳ ልጥፍ የሚሆን ወረቀት፦ ወፍራሙ በአንድ ሌሊት ወረደብኝ

ነጭ_ገጽ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጥያቄዬ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

በከሰል የሣልኳቸውን የአራት አሮጊቶች ፊት ስካን አድርጌ በኤ1 መጠን (594 በ841 ሚሊሜትር) አሳተምኩ። የሚያትመው ልጅ የቱን ወረቀት እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ፣ ደጅ የሚዋል ነገር ስለሆነ ወፍራም ይሻላል ብዬ ባለ 200 ግራሙን (አንድ ካሬ ሜትሩ 200 ግራም የሚመዝነውን) መረጥኩ። ላዩ ለስላሳ፣ የማያንጸባርቅ ልባስ ያለው ነው። የግድግዳው ባለቤት ፈቅደውልኛል። ግድግዳው ሻካራ ልስን ነው፣ ቀለም አልተቀባም። ሙጫውን ከስንዴ ዱቄት ራሴ አፈላሁት፤ ሲቀዘቅዝ ግድግዳውንም የወረቀቱንም ጀርባ ቀብቼ ለጠፍኩ።

ስለጥፍ ደስ ይል ነበር። ማታ ተመልሼ ሳየው ጥጎቹ ወደ ውጭ ተቆልምመዋል። ጠዋት ሁለቱ መሬት ላይ ነበሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ መሃላቸው መዳፍ የሚያህል አየር ቋጥሯል። ከወደቁት አንዱን ገልብጬ ሳየው ሙጫው ጀርባው ላይ እንደ ስስ ቆዳ ደርቆ ቁጭ ብሏል፤ በጥፍሬ ስነካው ተላጠ።

ችግሩ ሙጫዬ ነው ወይስ ወረቀቱ? ከዚህም የወፈረ ልሞክር? እነዚህ ሥዕሎች ቢያንስ ሁለት ወር ግድግዳው ላይ እንዲቆዩልኝ እፈልጋለሁ። አሮጊቶቹ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ራሳቸውን ለማየት እየመጡ ነው።

---

ባልዲና_ብሩሽ

እህቴ፣ ሙጫሽ ጤነኛ ነው። ወረቀቱ ነው እምቢ ያለው። ማስረጃውን ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ሙጫው ጀርባው ላይ ደርቆ በጥፍር ተላጠ። ሙጫ የሚይዘው ቃጫው መሃል ገብቶ ሲደርቅ ነው። ልባስ ያለው ወረቀት ግን ቃጫው በነጭ ሸክላና በኖራ ዱቄት ተደፍኗል፤ ቀለም ላዩ ላይ ደምቆ እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ውሃ በቀላሉ አያስገባም። አንዳንዱ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚለበሰው፣ ያንቺ ግን በሁለቱም የተለበሰ ይመስለኛል።

ወፍራም ይሻላል የሚለው ሐሳብ ሁላችንንም መጀመሪያ ላይ ያሳስተናል፣ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወረቀት ግድግዳ ላይ የሚሠራው ሥራ እንደ ጨርቅ መተኛት ነው። የሚሸከመው ግድግዳው ነው፣ የሚይዘው ሙጫው ነው። ከወረቀቱ የሚፈለገው አለመታገል ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ወረቀት ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ እጥፍ አይሆንም፣ 8 እጥፍ ይሆናል። ግትርነት በውፍረቱ ኩብ ልክ ነው የሚያድገው። ያንቺ 200 ግራም ከተራው 80 ግራም ጋር ሲነጻጸር፣ አሠራራቸው አንድ ነው ብንል እንኳ፣ ከ15 እጥፍ በላይ ግትር ነው። ሙጫሽ ግን በዚያው ልክ አልበረታም። ወረቀቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ጥጉን ይጎትታል፤ ግትር ስለሆነም ጉተታው ሁሉ ጥጉ ላይ ይወድቃል። ማታ ያየሽው መቆልመም ይሄ ነው። ልስኑ ሻካራ መሆኑ ደግሞ አባሰው፤ ወፍራም ወረቀት ጉብታ ለጉብታ ተንጠልጥሎ ይቀራል እንጂ ወደ ጎድጓዳው አይወርድም።

ለአንቺ ግድግዳ ከ60 እስከ 80 ግራም፣ ልባስ የሌለው ወረቀት ፈልጊ። ከመግዛትሽ በፊት ግን በጀርባው አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ደቂቃ ከተቀመጠ ተይው። ቀስ እያለ ከጠፋና ቦታው ከጠቆረ ያ ወረቀት ሙጫ ይጠጣል። እኔ አሁንም የማላውቀውን ወረቀት ሳላጠጣ አልገዛም።

---

ጥላ

በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔ የምለጥፈው በ115 ግራም የማስታወቂያ ሰሌዳ ወረቀት ነው፣ ጀርባው ሰማያዊ የሆነውን ማለቴ ነው። ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ የሚለጠፈው ይሄው ነው፤ ዝናብም ነፋስም ችሎ ይቆያል። ስስ ወረቀት ላይ ስለጥፍ ከሥሩ ያለው አሮጌ ማስታወቂያ እየታየ ሥራዬን አበላሽቶብኛል። የሰማያዊው ጀርባ ጥቅም ይሄ ነው፣ የሥሩን ጽሑፍ ይጋርዳል። ስለዚህ ወፍራም ሁሉ መጥፎ ነው አይባልም።

---

ግድግዳ_አልባሽ

ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ለብዙ ዓመት የቤት ግድግዳ ወረቀት ስለጥፍ ኖሬአለሁ፣ የጎዳና ሥዕል አልሠራም፤ ልጄ ናት ይህን ገጽ ያሳየችኝ። ወረቀት ግን ወረቀት ነው።

ጥላ የሚለው ወረቀት የሚሠራው ለዚያ ሥራ ስለተሰናዳ ነው። እርጥብ ሆኖም እንዳይበጣጠስ ወረቀቱ በሚሠራበት የቃጫ ድፍድፍ ውስጥ ማጠንከሪያ ይገባበታል። ከዚህ የሚበልጠው ነገር ግን ሰሌዳ ለጣፊዎቹ ወረቀቱን ደረቅ አድርገው አለመለጠፋቸው ነው። አስቀድመው ውሃ ያጠጡታል፣ አጣጥፈው ያሳድሩታል። ሰሌዳው ላይ ሲወጣ መስፋት ያለበትን ያህል ሰፍቶ ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሲደርቅ መወጠር ብቻ ነው፣ እንደ ከበሮ ቆዳ።

አየር የሚቋጥረው ይህ ሲዘለል ነው። ደረቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ትለጥፊያለሽ፤ ገና ከሙጫው ውሃ እየጠጣ ነው፤ ሲጠጣ ይሰፋል፤ ጠርዙ ተይዟልና የሚሄድበት የለውም፤ መሃሉ ያብጣል። በሙያችን ከባዱን ወረቀት ሙጫ እንቀባውና ሙጫ ለሙጫ አጥፈን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ እናሳርፈዋለን። ከዚያ ገልጠን እንሰቅላለን። ስሱ ወረቀት ደቂቃ ቢያርፍ ይበቃዋል፤ በጣም ስስ የሆነው ጭራሽ አይታጠፍም፣ ይቀደዳል፤ ለእሱ ግድግዳውን ብቻ ቀብቶ መለጠፍ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠይቀው የቃጫው አቅጣጫ ነው። ወረቀት በማሽን ሲሠራ ቃጫው አብዛኛው ወደ አንድ ወገን ይተኛል። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ በወርዱ ያብጣል፣ በርዝመቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ወረቀቱ የሚሰፋው ከቃጫው አግድም ነው። እኔ አንድ ሜትር ወርድ ያለው ወረቀት አርሼ ስለካው 1.5 ሳንቲሜትር ሰፍቶ አግኝቼዋለሁ፤ በርዝመቱ ለውጡ ለዓይን አይታይም ነበር። አቅጣጫውን ለማወቅ ከወረቀቱ የመዳፍሽን ያህል ቁራጭ ወስደሽ አንዱን ወገን ብቻ አርሺው። ወዲያው እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። ቱቦው የተጋደመበት አቅጣጫ የቃጫው አቅጣጫ ነው።

ሥዕልሽ ከብዙ ቁራጭ የሚገጣጠም ከሆነ ሁሉም ቁራጭ ቃጫው ወደ አንድ ወገን ይሁን። አለበለዚያ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ታች ሰፍቶ ዓይንና አፍንጫው አይገጥምም።

---

ነጭ_ገጽ

ጋሼ ግድግዳ_አልባሽ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ከወደቁት ወረቀቶች ላይ ቆርጬ ሞከርኩት። ጠብታው ከሦስት ደቂቃ በላይ እንደ ዶቃ ተቀመጠ! ልጅቷንም አመስግኑልኝ።

ባልዲና_ብሩሽ፣ የ15 እጥፉን ነገር ሳነብ ያደረኩት ሁሉ ገባኝ። ወደ 80 ግራም ልወርድ ነው። ግን ሌላ ስጋት መጣብኝ፦ የእኔ ህትመት በቀለም ጠብታ የሚያትም ማሽን ላይ ነው የወጣው። ስስና ውሃ የሚጠጣ ወረቀት ላይ ከሰሉ አይፈስብኝም?

---

አታሚው

ይፈሳል፣ ወይም አይፈስም፤ የሚወስነው ቀለሙ ነው። ይሄ የየቀኑ ሥራዬ ስለሆነ ላብራራ።

ኢንክጄት፣ ማለትም በቀለም ጠብታ የሚያትመው ማሽን፣ ሁለት ዓይነት ቀለም ይጠቀማል። አንደኛው ውሃ ውስጥ የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ ሙጫ ሲነካው ይነቃና ይሰራጫል፣ ጥቁሩ ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ጭጋግ ያወጣል። ፀሐይም ቶሎ ይበላዋል። ሁለተኛው ፒግመንት ነው፤ ደቃቅ ዱቄት ስለሆነ ሲደርቅ ቃጫው ላይ ይቀመጣል፣ ውሃን በጣም በተሻለ ይችላል። ብዙ ማሽን ጥቁሩን በፒግመንት፣ ሌሎቹን ቀለሞች በሟሟው ያትማል። የሚያትምልሽን ጠይቂው፤ ካላወቀ ቁራጭ ህትመት ለምነሽ በእርጥብ ጣት አሺው።

ሌዘርና ፎቶ ኮፒ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ቶነር የፕላስቲክ ዱቄት ነው፣ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ላይ ይጋገራል። ውሃ ምንም አያደርገውም። ለጥቁርና ነጭ የከሰል ሥዕል ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሕንፃ ንድፍ የሚያወጡ ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ በቶነር የሚሠሩት በጥቅል 75 ወይም 80 ግራም ወረቀት ላይ እስከ ኤ0 ወርድ ያትማሉ። ወረቀቱ ልባስ የለውም፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። አንቺ የምትፈልጊው ያንን ነው። ሲጠይቁሽ ንድፍ ነው በያቸው፣ ፖስተር ካልሽ መልሰው ወደ ለስላሳው ወረቀት ይወስዱሻል።

አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ሰፊ ቦታ ሲታጠፍ ቶነሩ ይሰነጠቃል፣ ነጭ መስመር ይወጣበታል። ጠቅልለሽ ያዢው፣ አትጠፊው።

ትልቅ ማሽን ካላገኘሽ በኤ3 ቆራርጦ ማተምም ይቻላል። ቁራጮቹ አንድ ሳንቲሜትር ያህል ይደራረቡ። ከታች ጀምረሽ ወደ ላይ ለጥፊ፤ የላይኛው ጠርዝ የታችኛውን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሲሸፍነው የዝናብ ውሃ መግቢያ ያጣል።

---

ልጣጭ

እኔ የጋዜጣ ወረቀት ጠበቃ ነኝ። ሰው ሁሉ ርካሽና ደካማ ነው ብሎ ይዘለዋል፤ ለእኔ ግን ከዚህ ሌላ ወረቀት እንደዚህ ከግድግዳ ጋር የሚዋሃድ የለም። ከ45 እስከ 50 ግራም ቢሆን ነው። የጡቡን መገጣጠሚያ፣ የልስኑን ስንጥቅ፣ የሚስማሩን ቀዳዳ ሳይቀር ተከትሎ ይገባል። ሲደርቅ የተለጠፈ ነገር መሆኑ ይጠፋል፤ ሰውየው ከግድግዳው ውስጥ የወጣ ነው የሚመስለው።

ፈረንሳዊው የጎዳና ሠዓሊ ኧርነስት ፒኞን ኧርነስት ይህን ቀድሞ አውቆታል። እ.ኤ.አ. በ1978 የገጣሚውን ራምቦን ምስል በሰው ቁመት ልክ አትሞ ግድግዳዎች ላይ ለጥፎታል፤ በኋላም የኔፕልስን ግድግዳዎች እንዲሁ። በስስ የጋዜጣ ወረቀት ላይ የታተሙ ናቸው፤ ወረቀቱ ሲቀደድና ሲጠፋ መጥፋቱ ራሱ የሥራው አካል ነው። እኔን ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ የእሱ ፎቶዎች ናቸው። ስዉን የምትባለዋ አሜሪካዊትም ከእንጨትና ከሊኖሊየም (የወለል ንጣፍ) ቅርጽ ያተመቻቸውን ሙሉ ቁመና ያላቸው ሰዎች ዙሪያቸውን በመቀስ አውጥታ ነው የምትለጥፈው። ነጭ ዳራ የለም፤ ጠርዙ የሰውየው ትከሻ ነው።

ጉዳቱን አልደብቅም። የጋዜጣ ወረቀት እንጨቱ ተፈጭቶ ነው የሚሠራው፣ ሊግኒኑ፣ ማለትም የእንጨቱን ቃጫ አጣብቆ የሚይዘው ነገር፣ አይወጣለትም፤ ሊግኒን ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ ይሆናል። ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ጥቂት ሳምንት አይፈጅበትም። እርጥብ ሲሆንም ያስተላልፋል፣ ጥላ እንዳለው የሥሩ ጽሑፍ ይታያል። አንቺ ግን ባዶ ልስን ነው ያለሽ፣ ምን ይታያል? የአሮጊቶች ፊት በከሰል፣ ቀስ እያለ እየገረጣ በሚሄድ ወረቀት ላይ፤ እኔ ብሆን ሌላ አልመርጥም ነበር።

አለጣጠፉ፦ ወረቀቱን በቱቦ ላይ ጠቅልይ፣ ግድግዳውን ብቻ ቀቢ፣ ከላይ እየፈታሽ በለስላሳ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር አስተኚው። ከተኛ በኋላ በላዩ ስስ ሙጫ ደግመሽ ቀቢ። አንዴ ከራሰ በእጅሽ አታንሺው፤ ይመጣል፣ ግማሹ ብቻ።

---

ነጭ_ገጽ

ልጣጭ፣ ሐሳብህ ልቤን ነካው፤ ግን ሁለት ወር ያልኩት ለራሴ ብዬ አይደለም። አንደኛዋ እናት በወሩ መጨረሻ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሊመጡ ነው። እስከዚያ ፊታቸው እንዳይደበዝዝ እፈራለሁ።

---

ካኪ

ማንም ስለ ካኪ ወረቀት ያነሳ የለም፣ እኔ ላንሳ። ክራፍት የሚባለው ቡናማው ማለቴ ነው፤ ስሙ በጀርመንኛ ብርታት ማለት ነው፣ ይገባዋልም። ቃጫው ረጅም ስለሆነ በ70 ግራም እንኳ እርጥብ ሆኖ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ ይስተካከላል። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

በቀጥታ በእጅ ለሚሠራ ሥዕል ወረቀቱ ራሱ መካከለኛ ቀለም ይሆንልሻል። በከሰል ጥላውን፣ በነጭ ቀለም ብርሃኑን ትሰጪዋለሽ፣ ቆዳው ከወረቀቱ ይመጣል። ከሰሉን ግን ማጥበቂያ ሳትነፊበት ሙጫ አታስነኪው፣ ይታጠባል። አክሪሊክ ቀለም ግን ከደረቀ አይነቃም።

ብዙ ካኪ በአንድ ወገን ያንጸባርቃል። ሙጫው በደነዘዘው ወገን ይሁን። ሲርስ ብዙ ይሰፋል፣ ስለዚህ ጋሼ እንዳሉት ማሳረፉን አትዝለይ።

---

አታሚው

ወረቀት ቀለም ላይ ከገባን አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ይገርመኛል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 1881 የወጣው የፈረንሳይ የሕትመት ሕግ፣ ያው እዚያ ግድግዳዎች ላይ «መለጠፍ ክልክል ነው» ከሚለው ጽሑፍ ጋር ቀኑ የሚጻፈው ሕግ፣ ነጭ ወረቀትን ለመንግሥት ማስታወቂያ ብቻ ነበር የለየው። ሌላው ሰው ባለቀለም ወረቀት ላይ ማተም ነበረበት። መንገደኛው ገና ሳያነብ፣ ከሩቅ በወረቀቱ ቀለም ብቻ ማን እንደሚናገር ያውቅ ነበር ማለት ነው። ነጭ ወረቀት ላይ ፊት ስለጥፍ ይሄ ትዝ ይለኛል፤ ድሮ የሹም ብቻ በነበረው ወረቀት ላይ የሰፈር አሮጊት።

---

ጥላ

ስለ መቆየት ከተነሳ፦ ትልልቅ ፎቶዎችን የሚለጥፈው ፈረንሳዊው አርቲስት ጄአር ሁለቱንም አድርጎ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2009 ናይሮቢ ባለው የድሆች ሰፈር በኪቤራ ውስጥ የሴቶችን ዓይንና ፊት ጣሪያዎች ላይ ሲዘረጋ ወረቀት አልነበረም፤ ውሃ የማያስገባ ፕላስቲክ ነክ ጨርቅ ነው፣ ቤቶቹን ከዝናብ እንዲጋርድ ታስቦ። በ2019 ፓሪስ ያለው የሉቭር ሙዚየም ፒራሚድ 30 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወደ 400 በጎ ፈቃደኞች ይዞ 2,000 ያህል የወረቀት ቁራጭ ግቢው ወለል ላይ ለጠፈ፤ ያ ሁሉ በሕዝቡ እግር ሥር በአንድ ቀን ውስጥ ተበጣጠሰ። ያው ሰው ነው፣ ዓላማው ሲለያይ የሚለጥፈውም ተለየ። ነጭ_ገጽ፣ አንቺ የጊዜ ገደብ አለሽ፤ ወረቀትሽን ለዚያ ምረጪ።

በላዩ ነጭ የእንጨት ሙጫ በውሃ አቅጥነሽ ብትቀቢ ደግሞ ዝናብን በተሻለ ይችላል።

---

ባልዲና_ብሩሽ

በእንጨት ሙጫው ላይ ነው የምለይህ ጥላ። አዎ፣ ዝናብ ይከላከላል። ግን ሲደርቅ ፕላስቲክ ነው። ልስን ከውስጥ እርጥበት ያወጣል፤ መውጫ ሲያጣ ወረቀቱን ከጀርባ ይገፋዋል፣ አንድ ቦታ ከተላጠ በኋላ ሙሉው እንደ አንሶላ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ የግድግዳው ባለቤት አንድ ቀን ይነሳልኝ ይላሉ። የዱቄት ሙጫ በሙቅ ውሃ ራሶ በጭረት ይለቃል። የእንጨት ሙጫ ግን ልስኑን ይዞ ነው የሚመጣው። ፈቅደው የሰጡንን ሰው ግድግዳ ቆስሎ መመለስ አይገባንም። አሮጌ የድንጋይ ሕንፃ ላይማ ጭራሽ፣ ዱቄትም ቢሆን።

ለሁለት ወር የዱቄት ሙጫ ይበቃል፣ በሚገባ ከበሰለ። የስንዴ ስታርች ውሃ ጠጥቶ መወፈር የሚጀምረው 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ለብ ያለ ውሃ ላይ ማማሰል ብቻ ሙጫ አያደርገውም። አንድ እጅ ዱቄት በአምስት እጅ ውሃ፣ ዱቄቱን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ፣ ነጭነቱ ጠፍቶ እስኪያስተላልፍ ድረስ አብስይው። የበሰለው በሁለት በሦስት ቀን ይሸታል፣ ለቀኑ የሚበቃሽን ብቻ ሥሪ። ስኳር ጨምሩበት የሚሉ አሉ፤ እኔ አልጨምርም፣ ነፍሳት ይጠራል። እርጥብ ቦታ ላይማ ቀንድ አውጣና ራቁት ቀንድ አውጣ ያለ ስኳርም ወረቀቱን በሌሊት ግጠው ነው የሚያድሩት።

---

ነጭ_ገጽ

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም ሰማሁ፣ ግን ራሴ ሳላይ አንድም ፊት ደግሜ አልለጥፍም ብዬ ከግድግዳው ታችኛ ጥግ ላይ አምስት ዓይነት ቁራጭ ወረቀት ለጠፍኩ፤ እያንዳንዱ 20 በ60 ሳንቲሜትር፣ ሙጫው አንድ፣ ቀኑ አንድ። በስድስተኛው ቀን ኃይለኛ ዝናብ ዘነበ።

የቀድሞው 200 ግራም በማግስቱ ወደቀ። እንደገና ለጠፍኩት፣ አሁንም ወደቀ።

የሰሌዳው ወረቀት፣ 115 ግራሙ፣ ሁለት ጊዜ ነው የተሞከረው። በደረቁ የለጠፍኩት አበጠ። ውሃ አጠጥቼ፣ አጥፌ ያሳደርኩት ግን በጣም የሚያምር ሆኖ ተወጠረ፤ ዝናቡም አልነካውም። ሆኖም ሻካራው ልስን ላይ ጠጋ ብዬ በጣቴ ስነካው ብዙ ቦታ ከሥሩ ክፍት ነው። ጉብታዎቹ ላይ ተቀምጧል። ለስላሳ ግድግዳ ቢሆን እሱን እመርጥ ነበር።

የጋዜጣ ወረቀቱ... ልጣጭ፣ እውነትህን ነው። ከልስኑ ጋር አንድ ሆኗል። በጥፍሬም ልለየው አልቻልኩም። በ12 ቀን ግን ካስቀመጥኩት ቁራጭ አጠገብ ስይዘው ቢጫነቱ በግልጽ ይታያል፤ ግድግዳው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አለው።

ካኪው ከሁሉም በላይ እጄን ታገሠኝ፤ ሦስት ጊዜ አንስቼ አስተካክዬዋለሁ፣ አልተቀደደም። የከሰሉን ነጭና ጥቁር ግን በቡናማ ላይ አልወደድኩትም፤ ሥዕሎቹን ለእሱ ብዬ አልሣልኳቸውም። የሚቀጥለውን ሥራ ከመጀመሪያው ካኪ ላይ እሠራለሁ።

የንድፍ ማሽኑ 80 ግራም በቶነር፦ አምስት ደቂቃ አሳርፌ ለጠፍኩት። አንድም አየር የለም። ዝናቡ በዘነበ ማግስት ከሰሉ እንደነበረ ነው። ወደ ጎድጓዳው የጋዜጣ ወረቀቱን ያህል አልገባም፣ ግን ገብቷል። ነጭነቱም አለ።

ስለዚህ አራቱንም በእሱ ላይ አሳተምኩ። ከልጣጭ የወሰድኩት ደግሞ መቀሱን ነው፦ ነጭ ዳራውን ሁሉ አውጥቼ፣ የነጠላውን ጠርዝ ተከትዬ ቆረጥኩ። ጥጉ ከጠፋ የሚቆለመም ነገርም ይቀንሳል ብዬ አሰብኩ፤ ልክ ነኝ?

---

ግድግዳ_አልባሽ

ልክ ነሽ። ሹል ጥግ ሁልጊዜ መጀመሪያ ይነሳል፤ ሁለት ጠርዝ ከሁለት ወገን ይጎትተዋል። ክብ ጠርዝ ያንን ያህል አይቸገርም። ስትቆርጪም ቀጭን ጭራ እንዳትተዪ፤ የነጠላው ዘርፍ ቢያምርም ነፋስ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ቢያንስ የጣት ወርድ ይኑረው።

አሳርፈሽ መለጠፍሽ አስደሰተኝ። ይህን ሥራ ትቼ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል፤ ትናንት ልጄን በአሮጌ ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ አሳየኋት።

---

ነጭ_ገጽ

ጋሼ፣ ደስ አሰኙኝ።

ዛሬ ጠዋት አራቱም ተለጠፉ። ባለቤቱ መሰላል ያዙልኝ። ከቀትር በኋላ አንደኛዋ እናት መጥተው ቆመው ብዙ ጊዜ አዩ፣ ከዚያ የገዛ ጉንጫቸውን ግድግዳው ላይ በእጃቸው ዳበሱ፤ እርጥብ ነው ልል ብዬ ተውኩት። ልስኑ እዚያ ቦታ ላይ ስንጥቅ አለው፣ ወረቀቱ ወደ ስንጥቁ ገብቶ ከሽብሽባቸው ጋር ተቀላቅሏል።

የአራተኛዋ ግራ ጆሮ ሥር ግን የአውራ ጣት የሚያህል አየር ቀርቷል፣ አሁን ላዩ ደርቋል። ልብጣው በመርፌ?

---

ባልዲና_ብሩሽ

ዛሬ አትንኪው። ስሱ ወረቀት ሲደርቅ ብዙውን አየር ራሱ ጎትቶ ያጠፋዋል፤ ነገ ጠዋት እይው። ካለ በምላጭ ጫፍ ትንሽ ሰንጥቀሽ፣ በቃጫው አቅጣጫ፣ ቀጭን ሙጫ በትንሽ ብሩሽ አስገቢና በእርጥብ ጨርቅ ተጫኚው። ቃጫውን አግድም ከቆረጥሽው ጠርዙ ይነሳል፣ ከቃጫው ጋር ከሄድሽ ግን ቁስሉ ይዘጋል።